ስለ ልጆች ጨዋታና ስለ መጫወቻው ስፍራ

ልጅ ሲጫወት የሚያይ ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ ልጁ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ነገር ግን ነገሩን ረጋ ብሎ የተመለከተው እንደ ሆነ፥ በልጆች ጨዋታ ውስጥ ሕግ ማውጣት፥ ዳኛ መሰየም፥ ተረትቶ መቀበልና አሸንፎ አለመታበይ መኖሩን ያስተውላል። ይህንንም ሁሉ ልጆች የሚያደርጉት ያለ አዛዥ፥ በገዛ ፈቃዳቸው ነው።

ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን እንቆቅልሽ የተባለውን ጨዋታ ማንሣት ይበቃል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው አንዱ ልጅ ይጠይቃል፤ ሌላው መልሱን ያጣ እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል። የተረታው ልጅ አንዲት ትንሽ መንደር ሰጥቶ ለማምለጥ ይሞክራል፤ ጠያቂው ግን በዚያ አይረካምና ጎንደርን ወይም ሐረርን ካልተቀበለ መልሱን አይናገርም። በዚህ ዓይነት ፊደል ያልቈጠረ ልጅ እንኳ የአገሩን ከተሞች ስም ከነማዕረጋቸው ለይቶ ያውቅ ነበር። ጎንደር በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ብትተላለፍም የሚፈስ ደም አልነበረም፤ በማግሥቱ ሰጪውም ተቀባዩም አብረው ከብት ሲነዱ ይታዩ ነበር።

የቀኑ ጨዋታ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ለቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር፥ ለሰኞ ማክሰኞ አንድ የሸክላ ስባሪና መሬት መጫሪያ፥ ለገበጣ በመሬት ላይ የተማሱ ጉድጓዶች፥ ለኳስም ጨርቅ የተጠቀጠቀበት አሮጌ ካልሲ ይበቃ ነበር። ያላንዳች ወጪ የማይገኘው ነገር አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ሜዳው ነው። ሜዳውን ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚነፍግ አልነበረም።

ከዚህም በላይ ጨዋታው ከበዓላት ጋር የተሳሰረ ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን ጎረምሶች በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘው ሩሯን እያጋፉ ገና ይጫወታሉ፤ በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ ላይ አለመቈጣቱ የቈየ ልማድ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ልጆች ቃጫ ገምደው ጅራፍ ያጮኻሉ፥ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፥ ሙልሙልም ይቀበላሉ። ሊቃውንቱ የጅራፉን ድምፅ በተራራው ላይ ለተሰማው ለአብ ድምፅ፥ ችቦውንም ለተገለጠው ብርሃን ይተረጕሙታል። ልጁ ግን አስቀድሞ ጅራፉን ማጮኽ ይለምዳል፤ ትርጓሜውን የሚያገኘው ኋላ ነው፤ ባገኘውም ጊዜ ቀድሞ በእጁ የያዘው ነገር ስለ ሆነ አይረሳውም።

የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለት ግን እውነትን ማጕደል ነው። በገና ጨዋታ እግሩ የተሰበረ ብዙ ነው። ሴት ልጅም ወንድሟ ሜዳ ሲውል እርሷ ውሃ ስትቀዳና ታናናሾቿን ስታዝል ትውል ነበርና፥ ጨዋታዋ እናት በተጣራች ጊዜ ወዲያው ጥለውት የሚነሡት፥ ከደጃፍ የማይርቅ ነበር። ይህን ሳያነሡ የልጅነትን ዘመን ማሞገስ የወንዶችን ልጅነት ብቻ ማሞገስ ይሆናል።

ዛሬ ጨዋታው ተለውጧል። ወላጆችም ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ስልኩን ያመለክታሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ጨርሶ እንዳይቀመጥ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ይልቁንም ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ እንዲውል መክሯል። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መሣሪያው ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ፥ የተስፋዬ ሳህሉን ተረት ለመስማት የሰፈሩ ልጆች በአንድ ቤት ተሰብስበው ይቀመጡ ነበር፤ ተረቱም ሲያልቅ ተያይዘው ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። የዛሬው ልጅ ስልኩን ሲዘጋ ግን ወዴት ይወጣል?

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ለብዙ ቤተሰብ መጠለያ መሆናቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በሕንፃና በሕንፃ መካከል ለልጆች የቀረው መሬት በብዙ ስፍራ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ኳስ የመታ ልጅም መስተዋት ይሰበራል ተብሎ ይባረራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት ልጇን ከዓይኗ ርቆ ለመላክ ብትፈራና ስልኩን ብትሰጠው፥ ማን ይፈርድባታል? ስልኩ ሜዳውን አልቀማም፤ ሜዳው በጠፋበት ገብቶ ተቀመጠ እንጂ። ለዚህም ምስክር አለ። በ2011 ዓ.ም. በከተማው አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች እሑድ ጧት ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ በተለቀቁ ጊዜ፥ ልጆች ኳስና ቢስክሌት ይዘው ወዲያው ወጥተው ነበር፤ ማንም መጫወትን አላስተማራቸውም።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ሕፃን የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ ሜዳ መስጠት በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የተገባ ቃል ነው።

ካህናቱም ቢሆኑ ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በብዙ ከተማ ሆያ ሆዬ ወደ ገንዘብ መሰብሰቢያነት አዘንብሏል፤ ሙልሙሉ በአንድነት ሲበላ የነበረውን ያህል፥ ብሩ ሲከፋፈል ጠብ ያስነሣል። የቡሄ በዓል በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነውና፥ በዚያ ሰሞን ሕፃናት ለቅዳሴ በብዛት ይመጣሉ፤ ስለ ሙልሙሉና ስለ ጅራፉ ሊነግራቸው የወደደ ካህን ፈልጎ አይሰበስባቸውም፥ በፊቱ ቆመዋል።

ለሹሙ ደግሞ ሥራው ከዚህ ይቀላል። የሰፈር ፕላን ለፊርማ በቀረበለት ጊዜ፥ የሰባት ዓመት ልጅ ከደጁ ተነሥቶ የመኪና መንገድ ሳያቋርጥ በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ በየትኛው ላይ እንዳለ በጣቱ እንዲያሳዩት መጠየቅ፥ ከሌለም ፊርማውን ማቈየት ይችላል።