መሰየም፦ የቆየ ፍርድ ከመዝገብ የሚሰረዝበት መንገድ

መሳለሚያ እህል በረንዳ ጤፍ ከመኪና የሚያወርድ አንድ ወጣት በተራ ጉዳይ ከባልደረባው ጋር ተጣልቶ ፊቱን አቆሰለው እንበል። ተከሰሰ፤ ስድስት ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት፤ ታስሮ ወጣ። ዓመታት አልፈው መንጃ ፈቃድ አወጣ። ሾፌር አድርጎ ሊቀጥረው የፈለገው ድርጅት ግን ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ጠየቀው። አሻራውን ሲሰጥ የያኔው ፍርድ መዝገብ ላይ ተገኘ።

ብዙ ሰው እስሩን ሲጨርስ ጉዳዩ አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የእስሩ ጊዜ ቢያበቃም ፍርዱ በፖሊስ መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ የሚፋቀው በወንጀል ሕጉ ውስጥ «መሰየም» በሚባለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የጄኔቫው የሕግ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ባረቀቁትና በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ባለው ክፍል ይዞት ቀጥሏል።

መሰየም በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ይጠየቃል። ዳኛውም ጠያቂው ይገባዋል ብሎ ሲያምን ነው የሚፈቅደው። የመጀመሪያው መለኪያ ጊዜ ነው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ቀለል ያለ ቅጣት የተቀበለ ደግሞ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለበት። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ነውና የጫኙ ወጣት ጉዳይ የሚወድቀው በሁለት ዓመቱ ውስጥ ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. ከእስር ወጥቶ ከሆነ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ማመልከት ይችል ነበር። ቅጣቱ በገደብ የታለፈለት ሰው ደግሞ በመልካም ሁኔታ የጨረሰው የፈተና ጊዜ ይታሰብለታል።

ጊዜ ብቻ ግን አይበቃም። በእነዚያ ዓመታት ጠባዩ የታረመና በሌላ ወንጀል እንደገና ያልታሰረ መሆን አለበት። መቀጮ ተጥሎበት ወይም ለተጎጂው ካሣ እንዲከፍል ተፈርዶበት ከሆነ፣ አቅሙ በፈቀደው መጠን ከፍሎ መገኘት ይጠበቅበታል። ሕጉ «አቅሙ በፈቀደው መጠን» የሚለውን ሐሳብ ማስገባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ድህነቱ ብቻ በሩን እንዳይዘጋበት ያደርጋል። የካሣውንና የመቀጮውን ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው ችሎት ፊት ሲቀርብ ሥራው ይቀልለታል። በጦር ሜዳም ሆነ በሰላሙ ኑሮ የተለየ የጀግንነት ተግባር ለፈጸመ ሰው ደግሞ ጊዜው ሳይሞላም ሊፈቀድለት ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ውጤቱ ነው። ጥያቄው ከተፈቀደ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ያጣው መብት ካለ ይመለስለታል። በዚያ ላይ አንቀጽ 235 ማንም ሰው በቀድሞው ፍርድ እንዳይነቅፈው ይከለክላል። በክፋት «አንተ እስረኛ ነበርክ» ብሎ በሰው ፊት የሚያዋርደው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል፤ «የተናገርኩት እውነት ነው» የሚለው መከላከያም አያድነውም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበትና ወሬ በፍጥነት በሚዞርበት ገበያ ውስጥ ይህ ጥበቃ ከማስረጃ ወረቀቱ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

መሰየም ከይቅርታ ጋር ይምታታል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያነሳም፤ በይቅርታ የወጣ ሰውም ጊዜውን ጠብቆ መሰየም መጠየቅ ይኖርበታል። ምሕረት ከዚህ ይሰፋል፤ በአዋጅ ሲሰጥ ፍርዱንም ያጠፋል። የ2010 ዓ.ም.ቱ የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 የዚህ ምሳሌ ነው፤ ዋነኛ ትኩረቱ ግን ከፖለቲካ ጋር የተያያዙ ወንጀሎች ስለነበሩ በቡጢ ለተጣላ ጫኝ የሚሆን አልነበረም።

እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ጠብ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ከፍርድ በፊት ያለው ነው። በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚታየው ቀላል የአካል ጉዳት ተጎጂው አቤት ሲል ብቻ የሚያስከስስ ስለሆነ፣ ሽማግሌ ገብቶ ቢያስታርቃቸውና አቤቱታው በጊዜ ቢነሳ መዝገቡ ላይ የሚጻፍ ፍርድ አይኖርም። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ እርቅ ልብን ቢያሳርፍም መዝገቡን አይነካውም።

ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ካልተቀበለው ጠያቂው ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደገና ማቅረብ ይችላል። የተሰየመ ሰው ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ጽኑ እስራት በሚያስከትል ወንጀል ቢፈረድበት ያገኘው መሰየም ይሻራል።

በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ጊዜያቸው የሞላ ብዙ ቀላል ፍርዶች ባለቤቱ ሳያመለክት ከሕዝብ ዓይን እንዲሸሸጉ አድርጋለች። እዚህ አገር እስከዚያ ለመድረስ የመዝገብ አያያዙም ሕጉም ብዙ ይቀራቸዋል። እስከዚያው ግን ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል፦ ታራሚው ሲፈታ በሚሰጠው ወረቀት ላይ መሰየም ከመቼ ጀምሮ ለየትኛው ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ቀኑን ጠቅሶ መጻፍ።