የሌሊት ወፍ በቤታችን ጣሪያ ሥር

የሌሊት ወፍ ስሟ ወፍ ይሁን እንጂ ወፍ አይደለችም። ወፍ እንቁላል ትጥላለች፤ የሌሊት ወፍ ግን ግልገሏን ወልዳ ጡት ታጠባለች። ሰውነቷ የተሸፈነው በላባ ሳይሆን በጠጉር ነው። ክንፏም በረዘሙት ጣቶቿ መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉ ወፎች ጋር ይቆጥራታል። በተረታችን ደግሞ የወፎች ግብር ሲጠየቅ ጥርሷን፣ የአራዊት ግብር ሲጠየቅ ክንፏን እያሳየች ከሁለቱም ታመልጣለች። ሳይንስ ግን አጥቢ እንስሳ መሆኗን ካረጋገጠ ቆይቷል። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ፣ በአገራችንም ከ70 በላይ ዓይነቶች ይታወቃሉ።

ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ዕውር ናት ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ታያለች። ነገር ግን በጨለማ የሚመራት በይበልጥ ጆሮዋ ነው። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ባደረገው ሙከራ ዓይናቸው የጠፋ የሌሊት ወፎች ያለ ችግር ሲበሩ፣ ጆሮአቸው የተደፈነ ግን ከዕቃ ጋር ይጋጩ ነበር። ምክንያቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ እንደሚያሰሙ በመሣሪያ አረጋገጠ። ድምፁ ነፍሳትን ወይም ግድግዳን መትቶ ሲመለስ፣ ነገሩ የቱ ጋ እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው።

ታዲያ ዋሻና የዛፍ ፍንክት እያለ ከሰው ቤት ምን አመጣቸው? ነገሩ ወዲህ ነው። እንደ ገላን ባለ ደጋማ አካባቢ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ያሞቀዋል። እዚያ ድመት አይደርስም፣ ነፋስም አይገባም። በተለይ ያረገዙ እናቶች ግልገሎቻቸው በሙቀት ቶሎ እንዲያድጉ ተሰብስበው እንዲህ ያለ ቦታ ይመርጣሉ። ለመግባትም የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ክፍተት ለትንንሾቹ ይበቃቸዋል።

አኗኗራቸው ከወቅት ጋር ይለዋወጣል። ዝናብ ሲጥል ነፍሳት ይበዛሉ። በአፍሪካ ነፍሳት በል ከሆኑት ብዙዎቹ ወሊዳቸውን ከዝናብ ወራት ጋር የሚያገጣጥሙት ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ግልገል ብቻ ይወለዳል። የምታጠባ እናት በአንድ ሌሊት የክብደቷን ግማሽ የሚያህል ነፍሳት ልትበላ ትችላለች። ብርድ ሲበረታና ምግብ ሲጎድል ደግሞ አንዳንዶቹ ሰውነታቸውን አቀዝቅዘው፣ የልብ ምታቸውንም ቀንሰው ይደነዝዛሉ። ፍራፍሬ በል የሆኑት ሌላ መላ አላቸው፤ ይሰደዳሉ። በያመቱ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በሚሊዮን የሚቆጠሩት በዛምቢያ ካሳንካ ብሔራዊ ፓርክ ይሰበሰባሉ።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ከተረጋገጠ ወዲህ የሌሊት ወፍ ሲባል መደንገጥ አይገርምም። ሆኖም ለይቶ ማወቅ ይገባል። የማርበርግ ቫይረስ ዋና ተሸካሚ መሆኑ የታወቀው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ የሚኖረው የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ከቆርቆሮ ሥር የሚገቡት ትንንሾቹ ነፍሳት በሎች ግን ሌላ ናቸው። መግደልም መፍትሔ አይሆንም። በኡጋንዳ ኪታካ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ከታመሙ በኋላ የሌሊት ወፎቹ እንዲጠፉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን በሽታው በአቅራቢያው በኢባንዳ ተነሣ። ተመልሰው ጉድጓዱን የያዙት ሲመረመሩም ቫይረሱ የተገኘባቸው መጠን ከቀድሞው በልጦ ተገኘ።

ይህ ሲባል ግን ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ 115 የእብድ ውሻ በሽታ ናሙናዎች መካከል አንዱ የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ መሬት የወደቀችውን በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኩሳቸውም በደረቁ አይጠረግም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውሃ አርከፍክፎ ማንሣት ነው።

ከቤት ማስወጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ያዳምጥ። ትልልቆቹ ማታ ከወጡ በኋላ ከጣሪያው ጭውጭውታ ከተሰማ ግልገል አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀዳዳ ቢደፈን ግልገሎቹ በረሃብ አልቀው ቤቱን ያገሙታል። ግልገሎቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ ግን ሌላውን ክፍተት ሁሉ ደፍኖ፣ በዋናው መውጫ ላይ ከላይና ከጎን የተመታ፣ ከታች የተለቀቀ ላስቲክ ማንጠልጠል ነው። ተንሸራተው ይወጣሉ፣ መግባት ግን ያቅታቸዋል። በሳምንቱ አንድም አለመቅረቱ ሲታወቅ በጭቃ ወይም በእንጨት መድፈን ነው።

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ኮርኒስ ውስጥ የሌሊት ወፍ መገኘቱ አይቀርም። ልጆች አንድም በድንጋይ ሊያሳድዷት፣ አንድም በእጃቸው ሊይዟት ይሮጣሉ። ሁለቱንም የምንከለክለው እኛ ነን። ከልክለን ዝም ካልን ግን ነገ ይደግሙታል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ጭምር ልናስረዳቸው ይገባል።