ማኅደረ ትውስታ ከተጨመረለት በኋላ የሚታወክ ኮምፒዩተር

የንግድ ቤት ኮምፒዩተር እያዘገመ ሲያስቸግር ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስበው መድኀኒት ማኅደረ ትውስታውን፣ በገበያ ስሙ ራም የሚባለውን፣ ማሳደግ ነው። ሐሳቡም ትክክል ነው። የሒሳብ መዝገቡን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ከውጭ ደንበኛ የመጣውን ደብዳቤ ባንድ ጊዜ ከፍቶ ለሚሠራ ጸሓፊ፣ 4 ጊጋባይት የነበረውን ወደ 8 ወይም ወደ 16 ማድረስ አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት በእጅጉ ባነሰ ወጪ የሚፈጸም ማሻሻል ነው። ሆኖም ራሙ በተጨመረ ማግስት ኮምፒዩተሩ በሥራ መካከል ደርቆ ሲቀር፣ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ፣ ወይም ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይታያል። በዚህ ጊዜ አንዱ መብራቱን፣ ሌላው ቫይረሱን፣ ሦስተኛው የሒሳቡን ፕሮግራም ይከሳል። ትናንት ደኅና የነበረ መሣሪያ ዛሬ ከታወከ ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው በመካከሉ የተለወጠው ነገር ነው።

ጉዳዩ የሥራ መጓተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ሰፊ ቦታ ባልሰጠነው ነበር። የኮምፒዩተሩ ዲስክ እንደ መጋዘን ሲሆን ራም ደግሞ ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ የሚዘረጋበት ባንኮኒ ነው፤ ጸሓፊው የሚያስገባው ቁጥር ሁሉ ወደ ዲስኩ ከመድረሱ በፊት በዚሁ በኩል ያልፋል። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0ና በ1 ስለ ሆነ፣ የተበላሸ ራም ከነዚህ ምልክቶች አንዲቱን ብቻ ቢገለብጥ 5,000 ብር የነበረው 13,192 ብር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ 8,192 ነው፤ ይህም በኮምፒዩተሩ አጻጻፍ የአንዲት ምልክት ዋጋ ነው። ደርቆ የሚቀር ኮምፒዩተር ቢያንስ ሕመሙን ይናገራል። ዝም ብሎ የሚሳሳተው ግን የተሳሳተውን ቁጥር በዲስኩ ላይ ያኖራል፤ ማታ ባክአፕ ሲወሰድም ስሕተቱ አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ የታወከው ኮምፒዩተር ተመርምሮ እስኪያልቅ ድረስ ሒሳብ እንዳይጻፍበት ማገድ፣ ራሙ ከመጨመሩ በፊት የተወሰደውንም ባክአፕ ለብቻው ማኖር የመጀመሪያው ተግባር ነው። በአሮጌው ቅጂ ላይ አዲሱን መጻፍ ፈጽሞ አይገባም።

የሁከቱ ምንጭ ሁልጊዜ የተበላሸ ዕቃ አይደለም። ለየብቻቸው ጤነኞች የሆኑ ሁለት ራሞች እርስ በርሳቸው፣ ወይም ከማዘርቦርዱ ጋር፣ ሳይስማሙ ይቀራሉ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት ትውልዶች የጥርሳቸው ክፍተት በተለያየ ስፍራ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ብዙ ገዢ ግን «ከገባ ይሠራል» ብሎ ይደመድማል፤ ይህ አሳሳች ነው። በዲዲአር3 ዘመን በ1.5 ቮልት የሚሠራና በ1.35 ቮልት የሚሠራ ዲዲአር3ኤል የሚባል አንድ ዐይነት ቅርጽ ያላቸው ራሞች ተሠርተዋል፤ 1.35ቱን ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖችም አሉ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥና የሚያድስ ነጋዴ ከኤል ፊደሏ ላይ ዐይኑን ማንሣት የለበትም።

ፍጥነቱም ሌላ ወጥመድ ነው። በዲዲአር4 ካርቶን ላይ 3600 ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ ይህ ቁጥር ከመደበኛው ልክ በላይ ነው፤ በደረጃ መዳቢው ድርጅት በጄዴክ ደንብ የዲዲአር4 ፍጥነት እስከ 3200፣ ቮልቱም 1.2 ነው። ከዚያ በላይ የሚገኘው በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ምርጫ ሲከፈት፣ ብዙውን ጊዜም ቮልቱ ወደ 1.35 ከፍ ሲል ነው። ለጨዋታ አፍቃሪ ወጣት ይህ ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ለሒሳብ ክፍል ግን ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ኤክስኤምፒን ዘግቶ ኮምፒዩተሩን በመደበኛ ፍጥነቱ ማሠራት ብዙውን ሁከት ያለ አንዳች ወጪ ጸጥ ያደርገዋል። አራት መሰኪያ ሁሉ ሲሞላ ከሁለቱ ይልቅ ለማዘርቦርዱ ሸክም እንደሚከብድም መታወቅ አለበት። በዲዲአር5 በኩል ደግሞ አዲስ ራም በተሰካ ጊዜ የመጀመሪያው አነሣሥ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ገጹ ጨለመ ብሎ ወዲያው ገመዱን መንቀል ችኰላ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ የላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ይለያል፤ ሠራተኛው ብረት ነክቶ ከሰውነቱ የኤሌክትሪክ ሙላት ካራገፈ በኋላ ራሙን አውጥቶ መያዣው ቀጭ እስኪል ይመልሰዋል። በአንዳንድ ጥገና ቤት ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ መፈተግ ተለምዷል፤ ላጲስ ግን ፍርፋሪ ይተዋል፣ ስሱንም የወርቅ ልባጥ ያሳሳል፤ በንጹሕ አልኮል ያረሰ ጨርቅ ይሻላል። ከዚያ አሮጌው ራም ብቻውን፣ ቀጥሎም አዲሱ ብቻውን በአንዱ መሰኪያ እየገቡ ሜምቴስት86 ፕላስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይፈተናሉ። ዊንዶውስም የራሱ መመርመሪያ አለው፤ ፈተናው ግን ቀላል ስለ ሆነ በእርሱ ብቻ መተማመን አይበጅም። ፈተናው ሌሊቱን በሙሉ ይሮጥ፤ ሙቀት ሲጨምር ብቻ የሚገለጥ ጉድለት አለና። ተቀባይነት ያለው ውጤት ዜሮ ስሕተት ብቻ ነው፤ «ሁለት ሦስት ቢሆን ምን አለ» የሚል ቴክኒሺያን ቢያጋጥም ሌላ ቴክኒሺያን መፈለግ ነው።

አንድ ራም በሄደበት መሰኪያ ሁሉ ከሳተ ጥፋቱ የራሙ ነው። የተለያዩ ራሞች በአንድ መሰኪያ ብቻ ከሳቱ ማዘርቦርዱ ይጠረጠራል። እያንዳንዱ ለብቻው አልፎ አብረው ሲሆኑ ከሳቱ አለመስማማት ነውና፣ በመደበኛ ፍጥነት ተፈትኖ ካልረጋ ባንድ ካርቶን ተጣምሮ በሚሸጥ መተካት ነው። ሁሉም አልፎ ሁከቱ ካልቆመ ያን ጊዜ ወደ ፓወር ሳፕላይ፣ ወደ ሙቀትና ወደ ዲስክ ይታለፋል። ላፕቶፑ ከመብራት ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራም የሚታወክ ከሆነ መብራት ኀይልን መክሰስ አያዋጣም።

ከጥገናው በኋላ በሁከቱ ቀናት የተመዘገበው ሒሳብ ከደረሰኝና ከባንክ መግለጫ ጋር መስመር በመስመር ይመሳከራል። ስሕተቱ ሲበዛ ወደ ተቀመጠው ባክአፕ ተመልሶ የነዚያን ቀናት ሒሳብ እንደገና ማስገባት ይቀላል።

በሚገዛበት ጊዜም የማዘርቦርዱ ሠራተኛ ፋብሪካ ያወጣውን የተስማሚ ራሞች ዝርዝር ማየት፣ የራሙን ሙሉ የሞዴል ቁጥር በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ፣ ፈተናውን ካላለፈ የሚመለስበትንም ቀን በዚያው ላይ ማስፈር ይገባል።