የተከዜው መርዝና የካንሰር መድኃኒት

«ኬሞ ጣሊያን የረጨብን መርዝ ነው፤ እናታችሁን አታስጀምሯት!» ይህ ወሬ ደብረ ማርቆስም ሌላም ቦታ ካንሰር ባለበት ቤት ይነሳል። ሰው የሚጎዳው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው።

የጎጃሙ ገዥ ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተው ነበር። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለዳ፣ ተከዜ ላይ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በርሜል መሳይ ነገር ጣሉ። ራስ እምሩ ኋላ እንደተናገሩት፣ ዕቃው እየፈነዳ ቀለም የለሽ ፈሳሽ ረጨ፤ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ቆሰለ። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ካጸደቀች 7 ዓመት ሆኗት ነበር።

የሰናፍጭ ጋዝ ይባል እንጂ መርዙ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ሞለኪዩሉ ሁለት ክንድ አለው። እርጥበት ሲያገኝ ክንዱ ክሎሪኑን ይጥልና ያገኘውን ለመያዝ ይቸኩላል፤ ሕዋስ ውስጥ ከገባም ጓኒን የተባለውን የዲኤንኤ ክፍል ይይዛል። ሌላው ክንድ ማዶ ያለውን ፈትል ከያዘ ሁለቱ ፈትሎች ተቆላለፉ ማለት ነው። ሕዋስ የሚባዛው ፈትሎቹን አላቅቆ ነው፤ ጥርሱ የተጣበቀ ዚፕ ግን አይከፈትም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚባዛው ክፉኛ ይመታል፦ የመቅኔ፣ የአንጀት ሽፋን፣ የፀጉር ሥር። የካንሰርም ሕዋስ እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1942 የዬል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጉድማንና ጊልማን ናይትሮጅን ያለበትን የመርዙን ዘመድ ለሊምፎማ ታማሚ አሰጡ። ዕጢው ሟሸሸ፤ ቆይቶ ግን ተመለሰ። ጥናቱ በጦርነት ምስጢርነት ተይዞ እስከ 1946 አልታተመም። (ኬሞ የተወለደው በ1943 ባሪ ወደብ ላይ መርዝ የጫነች መርከብ ስትመታ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀኑ አይገጥምም።) ዛሬ ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋሚድ የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ጉበት እስኪቀይረው ድረስ ግን ያን ያህል አይናከስም።

«የመርዙ ነገር ባይታወቅ ይሻል ነበር» ለሚሉ፦ መርዙ ጦር ሜዳ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፣ መድኃኒቱ ከመገኘቱ 25 ዓመት በፊት። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የኬሚካል መሣሪያዎች ስምምነት ክልከላውን ከዓላማና ከመጠን ጋር አስሯል፤ ናይትሮጅን ካለባቸው የመርዙ ዘመዶች አንዱን፣ ሜክሎሬታሚንን፣ በጥብቁ ዝርዝር 1 አስፍሮ ለሕክምና በጥቂቱ ይፈቅዳል። እኔም እዚህ መስመር ላይ ነኝ፦ መርዙ ሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ የአመራረቱን ዝርዝር አልጽፍም፤ የታመመ ሰው አይፈልገውም።

መድኃኒቱም ጉዳት አለው። ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ባይሆንም፣ የደም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚያመነምንም በየዙሩ ደም ይመረመራል። እናታችሁ በኬሞ ላይ ሳለች ካተኮሳት እንዳታሳድሯት፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷት።