ጅራቷ የማይጠመጠም ዝንብ

ረጅም ጅራት ያላት ሰው ሠራሽ ዝንብ ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ያየ ዓሣ ቢታለል አይፈረድበትም። መንጠቆ ላይ በክር የታሠረ ጥቂት የዶሮ ላባና የጥንቸል ፀጉር ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን ይተነፍሳል፣ ይወዛወዛል፣ የፈራ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያው ልስላሴ ነው። አጥማጁ ሲወረውር ለስላሳው ጅራት አየር ላይ ይታጠፍና የመንጠቆው ጉብጠት ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ዝንቧ ቀጥ ብላ መዋኘቷ ይቀርና በጎኗ ትሽከረከራለች። እንዲህ የሚሽከረከር ምግብ አይቶ የማያውቅ ዓሣ ደግሞ ጥሏት ይሄዳል። ከሁሉ የሚብሰው አጥማጁ ምንም አለማየቱ ነው። ዝንቧ ርቃ፣ ውሃ ሥር ሆና፣ እሱ የተቋጠረ ላባ ሲጎትት ያረፍዳል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት አወራወሩን ማወቅ ይጠቅማል። በተለመደው የመንጠቆ አጠማመድ ክሩን ወደ ውሃው የሚወስደው ጫፉ ላይ ያለው ክብደት ነው። በዝንብ ሲጠመድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝንቧ ከላባ የማትከብድ ስለሆነች የሚወረወረው በፕላስቲክ የተለበጠው ወፍራም ክር ነው፣ እሷ ተከትላ ትሄዳለች። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን ከራሱ በላይ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ እንደገና ይዘረጋል። ጥበቡ አዲስ አይደለም። ኤሊያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ አክለው ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። የላባው ምንጭ ዛሬም ያው አውራ ዶሮ ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው አቅጣጫ በሚቀየርበት ቅጽበት ነው። ወደ ኋላ የተዘረጋው ክር ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ወደ ፊት ከተሳበ ጫፉ ልክ በቡሄ ሰሞን እንደሚጮኽ ጅራፍ በድንገት ይገለበጣል። ዝንቧም አብራ ትገለበጣለች። መንጠቆው ከባድ ስለሆነ ቀድሞ ይዞራል፤ የራሰው ጅራት ወደ ኋላ ይቀርና በጉብጠቱ ላይ ይተኛል፣ እርጥበቱም እዚያው ያጣብቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ከእጅ ይጀምራል፤ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ መታገሥ። ነፋስ ባለበት ባሕር ዳርቻ ግን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም፣ ቀሪው ሥራ የዝንብ አሣሪው ነው።

አሣሪው መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ አጥብቆ ሲቀመጥ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጅራቱ ከመንጠቆው ጉብጠት ምን ያህል ያልፋል? የጅራቱ ርዝመት ከመንጠቆው ግንድ ካልበለጠ ብዙ ጊዜ አደጋ የለም። ችግሩ የሚመጣው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሲሆን ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ፀጉሩ ሳይነሣ በቀጭኑ የተሸነሸነ የጥንቸል ቆዳ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ መንጠቆ ካገኘ አይለቅም። የአጋዘን ጭራ ፀጉር ግን ደረቅና ቀጥ ያለ ስለሆነ በቀላሉ አይታጠፍም። የዶሮ ላባ በሁለቱ መካከል ነው፤ አጥንቱ ከሥሩ ጠንካራ፣ ወደ ጫፉ ልፍስፍስ።

ይህን ልዩነት አይቶ መፍትሔ ካበጁት ሰዎች ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የሜሪላንዱ ሌፍቲ ክሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ተወልዶ በ2018 ያረፈው ይህ ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ስትራይፕድ ባስ የተባለ ዓሣ ለማጥመድ አንዲት ዝንብ አበጀ። ትልቅ ዓሣ የምታስመስል፣ በቀላሉ የምትወረወር፣ ጅራቷም የማይጠመጠም እንድትሆን ፈለገ። ረጃጅሞቹን የዶሮ ላባዎች ከመንጠቆው ግንድ መጨረሻ ላይ አሠረ፤ ከፊት በኩል፣ ከመንጠቆው ቀዳዳ ሥር፣ ዙሪያውን የአጋዘን ጭራ ፀጉር አለበሰ። ብልሃቱ ፀጉሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው፤ ከጉብጠቱ ጥቂት እንዲያልፍ ተደርጎ ስለታሠረ ላባውን ከየአቅጣጫው ደግፎ መንጠቆው ላይ እንዳይወድቅ ያደርገዋል። «የሌፍቲ አታላይ» የተባለችው ይህች ዝንብ በ1991 በአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ታትማ ወጣች። ከአንድ የጓሮ አውራ ዶሮ አንገት ለተነቀለ ላባ ይህ ትንሽ ማዕረግ አይደለም።

የአጋዘን ፀጉር የማይስማማት ዝንብ ስትሆን፣ በተለይም በጥንቸል ቆዳ ጅራት፣ አሣሪዎች የናይለን ቀለበት ይጠቀማሉ። ሲሠራ ሲያዩት ቀላል ነው። ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይቆረጥና ለሁለት ይታጠፋል። ሁለቱ ጫፎች በመንጠቆው ግንድ ግራና ቀኝ ተይዘው በክር እየተጠመጠሙ ይታሠራሉ፤ የታጠፈው ወገን ከጉብጠቱ በስተኋላ ወጥቶ ጠፍጣፋ ቀለበት ይሆናል። ጅራቱ የሚታሠረው ከዚህ በኋላ፣ ከቀለበቱ በላይ ነው። አየር ላይ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀለበቱን ስለሆነ ወደ መንጠቆው አይደርስም።

የሚያበላሸው ልኩ ነው። ቀለበቱ ካጠረ ጅራቱ ዞሮ ያልፈዋል፤ ከረዘመ የዝንቧን ግማሽ አካል ግትር ያደርጋል። ናይለኑ ከቀጠነ ከጅራቱ ጋር አብሮ ይታጠፋል። ቀለበቱ ወደ ታች ካዘነበለ ደግሞ በመንጠቆው ጫፍና በግንዱ መካከል ያለውን ክፍተት ያጠብባል፤ የነከሰ ዓሣ ሳይያዝ ያመልጣል። ደህና አሣሪ ቀለበቱን ከጉብጠቱ ትንሽ ብቻ አሳልፎ፣ ሽቅብ ቀና አድርጎ ያቆመዋል። ለጥንቸል ቆዳ አንዳንዶች ቆዳውን በመርፌ ይበሱና ናይለኑን በቀዳዳው ያሾልኩታል፤ በእኔ ግምት ይህ ከሁሉም አስተማማኙ ነው፣ ቆዳው የሚሄድበት የለውምና።

ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። ጅራቱ ከታሠረ በኋላ ክሩን አንድ ሁለት ዙር ከጅራቱ ሥር፣ ከግንዱ በላይ አሳልፎ መሳብ ጅራቱን ቀና ያደርገዋል። ከላባው ሥር ጥቂት የአጋዘን ፀጉር ማንጠፍም የቀለበቱን ያህል ይሠራል። የጅራቱን ሥር በሙጫ የሚያደርቁ አሉ፤ ፈጣን ነው፣ ግን እጅ ካበዛ ጅራቱ ይሞታል። እንዲያውም የዚህ ሁሉ ሥራ ልኬት እዚህ ላይ ነው። መጠንከር ያለበት ጅራቱ ጉብጠቱን እስኪያልፍ ያለው አጭር ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደልቡ መወዛወዝ አለበት። ጅራቱ ፈጽሞ የማይጠመጠም፣ ግን ምንም የማይንቀሳቀስ ዝንብ ማሠር ማንንም አያቅትም። ዓሣውም አይነካትም።

ያለ ቀለበት የምትኖር ዝንብ ለሚፈልግ ዉሊ በገር አለች። ፔንሲልቬኒያዊው ራስል ብሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1967 ያበጃት ናት። ጅራቷ ማራቡ ከሚባል እጅግ ለስላሳ ላባ ይሠራል። ላባው ስሙን ያገኘው ከማራቡ ወፍ ነው፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ከሰው ጋር እየተጋፋ ትርፍራፊ የሚለቅመው ያ ራሰ መላጣ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ግን የቱርክ ዶሮ ላባ ነው። ማራቡ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ብዙም የማይጠመጠመው አጭር ስለሚታሠር ነው፤ ከግንዱ ርዝመት ብዙም አይበልጥም።

አሣሪው ሲጨርስ ዝንቧን በውሃ ነክሮ ያያታል፤ ደረቅ ላባ ስለ እርጥቡ ምንም አይናገርም። ወንዝ ላይ ደግሞ ዝንቧን በየጥቂቱ ውርወራ ወደ እጅ አቅርቦ ማየት የሚገባ ልማድ ነው። ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በወይብና በዳንካ፣ የተለቀቁትን ትራውት የተባሉ ዓሣዎች በዝንብ ለሚያጠምድ ሰው የናይለኑ ቀለበት አያስፈልገውም። ለእነዚያ ቀዝቃዛ ጅረቶች ትንሽ መንጠቆ ይበቃል፤ ጅራቱ ከረዘመም በጥፍር ቆረጥ ማድረግ ነው። በመቀስ የተቆረጠ ማራቡ ጫፉ ዶልዱሞ ይቀራል፣ በጥፍር የተቀነጠሰው ግን ሳሳ ብሎ ይወዛወዛል።