ፀሐይ በማትወጣበት ከጧቱ 4 ሰዓት

እኛ ኢትዮጵያውያን የቀኑን ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ከፀሐይ መውጫ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ በ12 ሰዓት ገደማም ትጠልቃለች። ይህ አቆጣጠር የማያገለግልበት ምድር መኖሩን ከመማሪያ መጽሐፍ ባውቅም፣ ነገሩ በእርግጥ የገባኝ በ2004 ዓ.ም. ለምርምር ሥራ ወደ ስቫልባርድ በሄድኩ ጊዜ ነበር።

ስቫልባርድ ከኖርዌይ በስተሰሜን በአርክቲክ ውቅያኖስ የሚገኝ የደሴቶች ስብስብ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ሎንግየርብየን በ78 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። የምድር ዛቢያ በ23.4 ዲግሪ ያዘነበለ በመሆኑ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትታይም። እናቴ ስልክ ደውላ “እንዴት አደርክ?” ስትለኝ፣ ያደርኩት ሌሊት ገና አላለቀም ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዛፍ የለም። የነጭ ድብ አደጋ ስላለ ከመኖሪያው ክልል ሲወጡ ጠመንጃ መያዝ ይመከራል። ቤት ሲገቡ ግን ጫማ ማውለቅ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች የተወረሰ ልማድ ነው፤ በካልሲ የሚኬድበት ቢሮ እስካሁን ይናፍቀኛል።

የተመደብኩት በብሬይኖሳ ተራራ ላይ በ2000 ዓ.ም. በተከፈተው የሼል ሄንሪክሰን መካነ ምርምር ነበር። ሥራዬም የዋልታ ብርሃንን፣ ማለትም አውሮራን የሚመዘግቡ ካሜራዎችን መጠበቅ ነው። አውሮራ ከፀሐይ የሚነሱ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ብርሃን ነው። በአብዛኛው ስፍራ የሚታየው በሌሊት ብቻ ነው፤ በቀኑ የምድር ገጽ ያለውን የፀሐይ ብርሃን ይሸፍነዋል። በስቫልባርድ ግን ቀኑም ጨለማ ስለሆነ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ቀይ ብርሃን ከራስ በላይ ይዘረጋል። ቀይነቱ ከኦክስጅን አቶም የሚወጣው የ630 ናኖሜትር ጨረር ነው። አቶሙ ይህን ጨረር ለመልቀቅ ወደ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ዝቅ ባለውና ጥቅጥቅ ባለው አየር ውስጥ ግን ከሌሎች ቅንጣቶች ጋር ተጋጭቶ ኃይሉን አስቀድሞ ያጣል። ስለዚህም ቀዩ የሚደምቀው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ፣ በ105 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ የሚፈስበትና የሚበረታበት ጊዜ። እኔ በአራት ኪሎ ይህን ጅረት በግራፍ ወረቀት ላይ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። አዮኖስፌር በቀለም ሲታይ ያየሁት በባዕድ አገር መሆኑ ትንሽ ያስቀናኝ ነበር።

በጥር ወር መጨረሻ ግን ሰማዩ ተዘጋ፤ ሙቀቱም ከዜሮ በላይ ወጣ። ጥር 21፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ዝናቡ ወረደ። ኒ-ኦለሱን በተባለችው የምርምር መንደር በአንድ ቀን 98 ሚሊ ሜትር ተለካ፤ ይህም የስፍራው የዓመት ዝናብና በረዶ ሩብ ያህል ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ወጥቼ ተመታሁ፤ የቤቴን ክረምት የመሰለኝን ሽታ ሳብኩ። ባልደረቦቼ ግን ዝም ብለው በመስኮት ይመለከቱ ነበር።

ምክንያቱን ያስረዳኝ በስቫልባርድ ብዙ ዓመት የቆየ አንድ ቴክኒሻን ነው። ዝናቡ በረዶው ውስጥ ዘልቆ መሬት ሲደርስ እንደ መስታወት ይጠነክራል። የዋልታ አጋዘን የላላውን በረዶ በኮቴው ቆፍሮ ሣር ያገኛል፤ ይህን ግን ሊሰብረው አይችልም። ፀሐይ ተመልሳ ሸለቆውን ማየት ስንችል፣ ከመንገዱ ዳር የወደቁ አጋዘኖችን አየን።

የዚያን ዕለት የምልከታ መዝገቤ ግልባጭ አሁንም አለኝ። በእጄ የተጻፈው “ደመና፤ ዝናብ፤ አውሮራ አልታየም” ይላል፤ ከጎኑም በአማርኛ “ደስ የሚል ቀን” የሚል አለ።