የጥናት ተቋም ለንግድ ምን ይጠቅማል?



በካርቱም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የሱዳን ጥናት ክፍል ተከፈተ። በ1972 ደግሞ አድጎ የአፍሪካና የእስያ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆነ። የሱዳንንና የሌሎች አገሮችን ቋንቋ፣ ታሪክና ኑሮ ያጠናል።

ታዲያ ይሄ ለንግድ ምን ያደርጋል? መተማንና ገላባትን አስቡ። ነጋዴው ዋጋውን ያውቃል፤ ባለ ሥልጣኑ ሕጉን ያውቃል። ቀረጡ ሲበዛ ሰው ወደ ኮንትሮባንድ ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለውን ግን ቁጭ ብሎ የሚያጠና ያስፈልጋል። ጥናቱ ሁለቱን ያነጋግራል።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ዩኒቨርሲቲው ተጎዳ፤ መምህራንና ተማሪዎች ተበተኑ። እውቀቱ ግን አብሯቸው ሄዷል። እናንተም አማርኛና ዓረብኛ የምትችሉ፣ መናገር ብቻ ሳይሆን በሁለቱም መጻፍ ተለማመዱ። ነገ ንግዱም ድርድሩም ይፈልጋችኋል።